የፍትሕ ሥራን ማደናቀፍና እስርን ማስተጓጎል፦ ቅጣቱን ለማክበድ የቱ መንገድ ይሻላል?

ይህን ቅጣት የሚያከብዱ የሕግ ረቂቆች ምክር ቤት የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ ሕዝብ በተቆጣበት ሰሞን ነው። ፖሊስ ተጠርጣሪ ሊይዝ ሄዶ ግርግር ተነስቷል፣ ሰው ተጎድቷል። ወይም ብዙ የተወራለት ክስ ምስክሮቹ አንድ በአንድ ቃላቸውን አጥፈው ፈርሷል። ወዲያው «ቅጣቱ ይክበድ» ይባላል። ጥያቄው መሠረት አለው። ምስክር እየተሳደደ፣ ሰነድ እየተቃጠለ ፍርድ ቤት ሥራውን ሊሠራ አይችልም።

ቅጣትን ማክበድ የሚቻልበት መንገድ ግን አንድ ብቻ አይደለም። የእስራቱን ጣሪያ ማንሳት ይቻላል። ዳኛው ከዚህ በታች እንዳይወርድ ወለል ማበጀትም ይቻላል። ወንጀል የሚባለውን ድርጊት ማስፋት፣ ወንጀሉን በደረጃ መከፋፈል፣ ወይም ምስክርና ማስረጃን ብቻ የሚመለከት የተለየ ወንጀል መደንገግም አለ። አምስቱ ወረቀት ላይ ይቀራረባሉ። መንገድ ላይና ችሎት ውስጥ የሚያመጡት ውጤት ግን በጣም ይራራቃል።

ይህ መመሪያ ረቂቅ ለሚመረምሩ የምክር ቤት አባላትና ባለሙያዎች፣ አስተያየት ስጡ ለተባሉ ማኅበራት፣ ለጠበቆችና ጉዳዩን ለሚከታተል ዜጋ ነው። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ የሚመስሉ ሁለት ጉዳዮች

ከማወዳደራችን በፊት ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው በጓዳ የሚሠራ ነው። ምስክርን በገንዘብ ማባበል፣ ማስፈራራት፣ ሰነድ ማጥፋት፣ የሐሰት ማስረጃ መፈብረክ። ሁለተኛው በአደባባይ የሚሆን ነው። ፖሊስ ሰው ሲይዝ መከልከል፣ መገፍተር፣ ተያዡን ማስመለጥ፣ ራስን አልሰጥም ማለት። የመጀመሪያው ታስቦበት፣ ጊዜ ተወስዶ ይሠራል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ፣ በድንጋጤና በንዴት ይፈጸማል።

በዚህ ረገድ የእንግሊዝ ሕግ በደንብ ያስተምራል። የ1996ቱ የፖሊስ ሕግ ፖሊስን ሆን ብሎ ለሚያደናቅፍ ወይም ለሚቋቋም ሰው የሚያስቀምጠው የእስራት ጣሪያ 1 ወር ነው። የፍትሕን ሂደት የማጣመም ወንጀል ግን ጣሪያው የዕድሜ ልክ እስራት ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ ሥርዓት ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት አለ። ካናዳም ለይታለች፦ የጸጥታ አስከባሪን ማደናቀፍ እስከ 2 ዓመት፣ ፍትሕን ማደናቀፍ እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል።

በ2003 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነትም በአንቀጽ 25 ሁለቱን በተለያዩ ንዑስ አንቀጾች አስቀምጧቸዋል። ስለ ምስክርና ማስረጃ ሲናገር ኃይልን፣ ዛቻን፣ ማስፈራራትንና ጥቅም መስጠትን ይጠቅሳል። ስለ ፍትሕና ሕግ አስከባሪ ባለሥልጣናት ሲናገር ግን አካላዊ ኃይል፣ ዛቻና ማስፈራራት ላይ ይቆማል። መጮህን፣ መከራከርን፣ ቆሞ ማየትን አገሮች በወንጀልነት እንዲደነግጉ አይጠይቅም። አንድ ረቂቅ «ዓለም አቀፍ ግዴታችን ነው» እያለ ከዚህ አልፎ ሲሄድ ካያችሁ ይህን አንቀጽ አውጥታችሁ አሳዩ።

እኔ ያየኋቸው ደካማ ረቂቆች የሚጋሩት ጉድለት ይህ ነው። ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ አንቀጽ፣ በአንድ ቅጣት ይጠቀልላሉ።

መመዘኛዎቹ

ማንኛውንም አማራጭ በስድስት ጥያቄ ፈትኑት።

1. ክፍተቱ የት ነው? አሁን ያለው ሕግ ያልያዘው ድርጊት አለ ወይስ ሕጉ እያለ ሥራ ላይ አልዋለም?
2. ክልከላው ግልጽ ነው? ተራ ሰው አንብቦ የቱ እንደተከለከለ ያውቃል?
3. ሐሳብን ይጠይቃል? ሰውየው ሆን ብሎ፣ የሚያደናቅፈውን አውቆ ማድረጉ መረጋገጥ አለበት?
4. እስሩ ሕጋዊ እንዲሆን ይጠይቃል?
5. ቅጣቱ ከጉዳቱ ጋር ይመጣጠናል?
6. ወጪው ስንት ነው? ማን ይሸከመዋል?

አራተኛውን ጥያቄ ብዙዎች ይዘሉታል። ጀርመን አልዘለለችውም። የጀርመን ወንጀል ሕግ አንቀጽ 113 ሕግ አስከባሪን በኃይል የሚቋቋም ሰው እስከ 3 ዓመት እንደሚታሰር ይናገራል። እዚያው ላይ የባለሥልጣኑ ድርጊት ሕጋዊ ካልነበረ በዚህ አንቀጽ ቅጣት እንደሌለ ይደነግጋል። ሰውየው በስህተት «ሕገወጥ ነው» ብሎ አምኖ ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤቱ እንደ ሁኔታው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። እስሩ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር መንገድ ላይ በጉልበት ይፈታ የሚል ሰው የለም፤ ቦታው ችሎት ነው። ነገር ግን ማዘዣም ምክንያትም ሳይኖረው የያዘ ፖሊስ «ተቋቋመኝ» ብሎ ብቻ ክስ እንዲያቆም የሚፈቅድ ሕግ ሕገወጥ እስርን ራሱ ይሸልማል።

ከጥያቄዎቹ ጎን አምስት ሰዎችን በሐሳባችሁ አቁሙ። ወንድሟ ሲያዝ «ምን አጥፍቶ ነው?» እያለች የምትጮህ እህት። ራቅ ብሎ በስልኩ የሚቀርጽ መንገደኛ። ካቴና ሲገባለት ደንግጦ እጁን የሚመነጭቅ ወጣት። ተያዡ እንዲያመልጥ ፖሊሱን ገፍትሮ የሚጥል ጓደኛ። ማታ ምስክሩ ጋ ደውሎ «ልጆችህን አስብ» የሚል ሰው። ጥሩ ሕግ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አይነካም። ሦስተኛውን በቀላሉ ያየዋል፣ አራተኛውን ይቀጣል፣ አምስተኛውን አጥብቆ ይይዛል።

አማራጭ አንድ፦ የእስራቱን ጣሪያ ማንሳት

ለመጻፍ በጣም ቀላሉ ይህ ነው። ቁጥር መለወጥ ብቻ ነው። እንግሊዝ በ2018 ባወጣችው ሕግ በአስቸኳይ አገልግሎት ሠራተኞች ላይ የሚፈጸምን ጥቃት እስከ 12 ወር እንዲያስቀጣ አደረገች። በ2022 ደግሞ ጣሪያውን ወደ 2 ዓመት አነሳችው። ጥቃት የተባለው ድርጊት ግልጽ ስለሆነ እዚያ ላይ ጣሪያ ማንሳት አደናጋሪ አይደለም።

ይህ መንገድ የሚያዋጣው ድርጊቱ በደንብ ተለይቶ፣ ዳኞችም ጣሪያውን እየነኩ «ከዚህ በላይ መስጠት አልቻልንም» ሲሉ ነው። ፍርዶቹ ከጣሪያው በጣም በታች ከሆኑ ጣሪያ ማንሳት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የወንጀል ጥናት ደጋግሞ እንዳሳየው ሰውን ከወንጀል የሚመልሰው ከቅጣቱ ርዝመት ይልቅ እያዛለሁ የሚለው እርግጠኝነት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የፍትሕ ኢንስቲትዩት በ2016 ለሕግ አውጪዎች ባቀረበው አጭር ማብራሪያ ይህንኑ ተናግሯል። ለእጅ መንጫቂው ወጣት ደግሞ ጣሪያው 2 ይሁን 5 ለውጥ የለውም። በዚያች ሰከንድ ቁጥሩን አያስበውም።

አማራጭ ሁለት፦ የቅጣት ወለል

«ከ2 ዓመት በማያንስ» የሚል ሐረግ ሲገባ ዳኛው እጁ ይታሰራል። የሚገፋፋው ምክንያት ይገባኛል። ተመሳሳይ ጥፋት በአንዱ ችሎት መቀጮ፣ በሌላው እስራት ሲያመጣ ሰው ያዝናል። ነገር ግን በዚህ የወንጀል ዓይነት ወለል የሚጎዳው ቀላሉን ጥፋተኛ ነው። ምስክር ያስገደለ ሰው ያለ ወለልም ከባድ ቅጣት ያገኛል። ወለሉ የሚይዘው የደነገጠውን ወጣት፣ ትእዛዙን ያልሰማውን መስማት የተሳነው ሰው፣ የአእምሮ ሕመም ላይ ያለውን ታማሚ ነው።

ሌላም መዘዝ አለ። ወለል ሲኖር ትክክለኛው ሥልጣን ከዳኛው ወደ ዐቃቤ ሕጉ ይዞራል። በየትኛው አንቀጽ ልክሰስ የሚለው ውሳኔ የፍርዱን ውጤት ይወስናል። ያ ውሳኔ ደግሞ በአደባባይ አይሰጥም፣ ይግባኝም የለውም። ወጪውም ከሁሉም ይበልጣል፤ እስር ቤቶችን ይሞላል፣ ጥፋታቸውን አምነው የሚቀበሉ ተከሳሾችን ቁጥር ይቀንሳል፣ ክርክር ያበዛል። ከአምስቱ መጨረሻ የማስቀምጠው ይህንን ነው።

አማራጭ ሦስት፦ ወንጀሉን ማስፋት

እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ አደጋውም ፈተናውም ያለው እዚህ ነው። ረቂቁ «በማንኛውም መንገድ»፣ «ጣልቃ የገባ»፣ «ያስተጓጎለ» እያለ ሲጽፍ አዳዲስ ሰዎች ወደ ወንጀል ክልል ይገባሉ።

የአሜሪካዋ ሂውስተን ከተማ ፖሊስን በሥራው ላይ በማንኛውም መንገድ መቃወምንና ማቋረጥን የሚከለክል ደንብ ነበራት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 ደንቡን ሻረው። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ደንቡ ሲነበብ ለፖሊስ የሚነገር ተራ ተቃውሞ እንኳ ወንጀል ይሆናል። ማንን ማሰር እንዳለበት የሚወስነውም ፖሊሱ ራሱ ነው። እህቲቱን አስታውሱ።

የቅርቡ ዓይነት ደግሞ የርቀት ክልል ነው። የአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት በ2022 ፖሊስን ከ8 ጫማ ማለትም ከ2.4 ሜትር ገደማ ባነሰ ርቀት መቅረጽን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ፌዴራል ፍርድ ቤት አገደው። ሌላዋ ግዛት ኢንዲያና በ2023 ሌላ መንገድ መረጠች። ቀረጻን ሳትጠቅስ ፖሊስ «አትቅረቡ» ካለ በኋላ ከ25 ጫማ፣ ማለትም ከ7.6 ሜትር ገደማ በታች መቅረብን ወንጀል አደረገች። እሱም ፍርድ ቤት ቀርቦ ታግዷል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። የመጀመሪያው የታገደው መቅረጽን ለይቶ በመምታቱ ነው። የሁለተኛው ፈተና ደግሞ ፖሊሱ ያለ ምንም ምክንያት «ራቁ» ማለት መቻሉ ነው። ርቀት መወሰን በራሱ ነውር አይደለም። ግን ትእዛዙ ምክንያት ይኑረው፣ ማስጠንቀቂያ ይቅደመው፣ ሰውየው ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታና ጊዜ ይኑረው።

በጓዳ በሚሠራው ማደናቀፍም ሰፊ ቃል ራሱን ይመታል። ኤንሮን የተባለው ኩባንያ በሒሳብ ማጭበርበር ከወደቀበት ቀውስ በኋላ አሜሪካ በ2002 ባወጣችው ሕግ የምርመራ ሰነድና «ተጨባጭ ነገር» ማጥፋትን እስከ 20 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገች። ዐቃቤ ሕግ ይህንኑ አንቀጽ ትናንሽ ዓሣዎችን ወደ ባሕር መልሶ በጣለ ዓሣ አጥማጅ ላይ አዋለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 ዓሣ መረጃ የሚመዘገብበት ነገር አይደለም ብሎ የጥፋተኝነት ውሳኔውን ሻረው። የዚያው ሕግ ሌላ አንቀጽ በ2024 እንደገና ቀርቦ ፍርድ ቤቱ አጥብቦ ተረጎመው፤ ለችሎት ወይም ለሌላ ይፋዊ ሂደት የሚቀርብን ሰነድ፣ ዕቃና መሰል ነገር የሚያበላሽ ድርጊት መሆን አለበት አለ። ከዚያ ቀደም በሒሳብ መርማሪው ድርጅት አርተር አንደርሰን ላይ የተሰጠው የጥፋተኝነት ውሳኔ በ2005 ተሽሯል። ዳኞቹ የተሰጣቸው መመሪያ ድርጅቱ ጥፋት መሥራቱን እንዲያውቅ አልጠየቀም ነበርና።

ሰፊ ቃል ለዐቃቤ ሕግ ስጦታ ይመስላል። ከዓመታት በኋላ ግን የተሠራው ክስ ይግባኝ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በመሃል የታሰሩት ሰዎች ጊዜ አይመለስም።

ማስፋት የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። አሮጌ ሕግ «ሰነድ» ሲል ወረቀት ብቻ አስቦ ከሆነ የስልክ መልእክትና የኮምፒውተር ፋይል መጨመር አለባቸው። ምስክርነት ከተሰጠ በኋላ የሚፈጸም በቀል ካልተሸፈነ ይሸፈን። የሚጨመረው ድርጊት በስሙ ይጠራ። «ማንኛውም» ከሚለው ቃል ራቁ።

አማራጭ አራት፦ በደረጃ መከፋፈል

እኔ ከሁሉ የምመርጠው ይህ ነው። አንዱ ወፍራም አንቀጽ ወደ ሦስት ወይም አራት እርከን ይከፈላል፤ እርከኑ የሚወሰነው በተጠቀሙት ኃይልና ባደረሱት ጉዳት ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አንቀጽ 111 ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የፌዴራል ሠራተኛን ማጥቃት ወይም ማስተጓጎል ከቀላል ጥቃት ካላለፈ እስከ 1 ዓመት ነው። አካላዊ ንክኪ ካለ ወይም ሌላ ከባድ ወንጀል ለመፈጸም ከታሰበ እስከ 8 ዓመት። አደገኛ መሣሪያ ጥቅም ላይ ከዋለ ወይም የአካል ጉዳት ከደረሰ እስከ 20 ዓመት። ቁጥሮቹን እንዳለ መቅዳት አያስፈልግም፤ መወሰድ ያለበት መዋቅሩ ነው። ጀርመንም በ2017 ሕግ አስከባሪን መቋቋምንና በአካል ማጥቃትን ለየች። ለጥቃቱ አንቀጽ 114ን ጨምራ ከ3 ወር እስከ 5 ዓመት አደረገችው።

ደረጃ ሲኖር እጁን የመነጨቀው ወጣት ከታችኛው እርከን አያልፍም፤ መቀጮ ወይም ማስጠንቀቂያ ሊበቃው ይችላል። ገፍትሮ የጣለው መካከለኛው ላይ ይወድቃል። ቢላ የመዘዘው ከላይ። ዐቃቤ ሕጉም ጥቃቅኑን ጉዳይ ከባድ አድርጎ የሚያቀርብበት በር ይጠባል። ጉድለቱ ድካሙ ነው። ረቂቁን ለመጻፍ ጊዜና ዕውቀት ይፈልጋል። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በእርከኖቹ ላይ መሠልጠን አለባቸው። እርከኖቹ ከበዙ ደግሞ ክርክሩ ሁሉ «ይህ ሁለተኛ ነው ሦስተኛ?» ይሆናል። ከአራት አይበልጡ።

ደረጃ ስታወጡ ቤተሰብን አትርሱ። በጀርመን ሕግ ዘመዱን ከቅጣት ለማስመለጥ የረዳ ሰው በዚያ ወንጀል አይቀጣም። እናት ልጇን አሳልፋ ካልሰጠች ትታሰር የሚል ሕግ ሰው ሊሸከመው የማይችለውን ይጠይቃል። ሙሉ ነጻነት ባይሰጥ እንኳ ማቅለያ መሆን አለበት። ይህ ግን ለመደበቅና ለመርዳት ነው፤ ምስክር ለማስፈራራት ዝምድና ሰበብ አይሆንም።

አማራጭ አምስት፦ ለምስክርና ለማስረጃ የተለየ ወንጀል

ችግራችሁ ክስ እየፈረሰ ከሆነ የመንገድ ላይ ግርግርን አንቀጽ ማክበድ ምንም አይፈይድም። ለብቻው የተጻፈ፣ ከእስር ማስተጓጎል የተነጠለ ድንጋጌ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት አንቀጽ 70 ጥሩ መነሻ ነው። የሐሰት ምስክርነትን፣ ምስክርን መደለልን፣ በምስክር ላይ መበቀልን፣ ማስረጃ ማጥፋትን አንድ በአንድ ዘርዝሮ እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም መቀጮ ወይም ሁለቱንም ይፈቅዳል። በዚህ አንቀጽ የኮንጎው ፖለቲከኛ ዣን ፒየር ቤምባ ምስክሮችን በመደለል ጥፋተኛ ተብሎ በ2017 አንድ ዓመት እስራትና 300,000 ዩሮ መቀጮ ተወስኖበታል። ገንዘብ ያለው ሰው በገንዘቡ ለሠራው ጥፋት በገንዘቡም መቀጣቱ ትክክል ይመስለኛል።

ይሁንና ያው ፍርድ ቤት፣ ያው አንቀጽ እያለ፣ የኬንያ ክሶች አልቆሙም። በኡሁሩ ኬንያታ ላይ የነበረው ክስ በ2014 ተነሳ። የዊልያም ሩቶ ክስ በ2016 ተቋረጠ። በሁለቱም ክሶች ምስክሮች ላይ ጫና መድረሱ ተነግሯል። ወንጀል መደንገግ ምስክሩ ማታ ቤቱ ሲተኛ አይጠብቀውም። ስለዚህ ይህ አማራጭ ብቻውን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ገንዘብ ነው፦ የመኖሪያ ለውጥ፣ ማንነትን መሸሸግ፣ ቃልን ቀድሞ በዳኛ ፊት መቀበል፣ ክስን ቶሎ መጨረስ። ከነዚህ ርካሹ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ቃሉ አስቀድሞ በዳኛ ፊት ከተመዘገበ ምስክሩን ማስፈራራት የሚያስገኘው ጥቅም ይቀንሳል።

ባጭሩ ሲታዩ

| መንገድ | የሚሸፍነው ክፍተት | ግልጽነት | ንግግርንና ቀረጻን የመንካት አደጋ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ጣሪያ ማንሳት | ዳኞች ጣሪያውን ሲነኩ ብቻ | ከነበረው አይለይም | ዝቅተኛ | መካከለኛ |
| የቅጣት ወለል | የፍርድ አለመመሳሰል | ግልጽ፣ ግን ግትር | ዝቅተኛ | በጣም ከፍተኛ |
| ወንጀሉን ማስፋት | ያልተሸፈነ ድርጊት | በአጻጻፉ ይወሰናል | ከፍተኛ | ይግባኝ ላይ ይወጣል |
| በደረጃ መከፋፈል | ቀላሉና ከባዱ መደባለቅ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ለዝግጅትና ለሥልጠና |
| የምስክርና ማስረጃ ወንጀል | የሚፈርሱ ክሶች | ከፍተኛ | በጣም ዝቅተኛ | ያለ ጥበቃ ርካሽ፣ ከጥበቃ ጋር ውድ |

እንደ ችግሩና እንደ አቅሙ

ችግራችሁ በእስር ጊዜ የሚጎዱ ፖሊሶች ከሆኑ ደረጃ ከፋፍሉ፤ የላይኛውን እርከን ብቻ አክብዱ። ከታች ያለውን እንደነበረ ተዉት፣ ወይም በመቀጮ ተኩት።

ችግሩ የሚፈርሱ ትልልቅ ክሶች ከሆኑ አምስተኛውን ያዙ። በጀት ካለ ሙሉ የምስክር ጥበቃ አቋቁሙ። ከሌለ ቃልን ቀድሞ መመዝገብን በሥነ ሥርዓት ሕጉ ላይ ጨምሩ። አዲስ ሕንፃ አይፈልግም፣ አዲስ መሥሪያ ቤት አይፈልግም።

ችግሩ አሮጌ ሕግ የዲጂታል ማስረጃን ስለማያውቅ ከሆነ በጠባቡ አስፉ፤ ሌላውን አትንኩ።

ምክር ቤቱ ጣሪያ ለማንሳት ቆርጦ ከተነሳና እናንተ ማስቆም ካልቻላችሁ ሦስት ነገር ለማስገባት ታገሉ። አንደኛ፣ «ሆን ብሎና እያወቀ» የሚለው ሐረግ። ሁለተኛ፣ እስሩ ሕጋዊ መሆኑን የማስረዳት ሸክም በዐቃቤ ሕግ ላይ እንዲሆን። ሦስተኛ፣ መናገር፣ መጠየቅና ሥራውን ሳያግዱ መቅረጽ ብቻቸውን ማደናቀፍ እንደማይሆኑ በግልጽ የሚል ንዑስ አንቀጽ። ጊዜ አጥሮ አንዱን ብቻ ማስገባት ከቻላችሁ ሦስተኛውን ምረጡ፤ ፖሊሱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ሊያነበው የሚችለው እሱን ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ አንድ የሪፖርት ድንጋጌ ይግባ። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በየዓመቱ ሁለት ቁጥር ለምክር ቤቱ ያቅርቡ፦ በማደናቀፍ ብቻ፣ ሌላ ምንም ወንጀል ሳይጠቀስባቸው የተከሰሱት ስንት ናቸው? ከነሱ ስንቱ ተቋረጠ ወይም ነጻ ወጣ? ሌላ ጥፋት የሌለበት ሰው «መያዜን ተቃወመ» ተብሎ ብቻ ደጋግሞ ሲከሰስ መጀመሪያውኑ ለምን ተያዘ የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም ማለት ነው። ቁጥሩ ካደገ አንቀጹ በሦስት ዓመት ውስጥ ተመልሶ ለምርመራ ይቅረብ የሚል ቀን ከወዲሁ ይጻፍበት።